የያብስራ ድንጋይ

ሄራን ከምትኖርበት ሕንፃ መግቢያ፣ ከደረጃው በስተግራ፣ አንድ ጥቁር ድንጋይ ከመስከረም ጀምሮ ተጎልቷል። ማን እንዳመጣው አታውቅም። ደሴ መንገዱም ግቢውም ተለብጦ ካለቀ ወዲህ ድንጋይ ለማየት ጦሳ ተራራ ሥር ድረስ መውጣት ያስፈልጋል። ታዲያ ይሄ ከየት መጣ? አውራ ጣቷን ስንቴ እንዳጋጫት እሷና ፈጣሪዋ ናቸው የሚያውቁት። ዘበኛውን ይመርን "ኧረ ይሄን ጉድ አንሳልኝ" ስትለው "እሺ እትዬ" ይላል፤ ግን አያነሳውም። ዓይኗንም ቀና ብሎ አያይም። ሲቆይ እሷም ለመደችው። ከገበያ ስትመለስ እሱ ላይ ቁጭ ብላ ትንፋሿን ትሰበስባለች።

ሄራን ጡረታ እስክትወጣ የአውቶቡስ ተራ አስከባሪ ነበረች። ድምፅዋ ያኔ ከመናኸሪያ እስከ ፒያሳ ይሰማል ይባል ነበር። ዛሬ የምትጮኽበት ሰው የላትም። ባሏ ሞቷል፤ ልጅ አልወለደች። ያላት እሑድ እሑድ የሚመጣ ወንድም ነው። ወንድም ስል እንግዲህ የተመደበላትን ማለቴ ነው።

ስሙ ባሮክ ነው። ፀጉሩን የከበበው ሽበት እንኳ ሥርዓት ያለው፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ፣ ሙዝ በከረጢት ይዞ የሚመጣ ሰው። የግንኙነት ጤና ጽሕፈት ቤት የሁለቱን ጠባይ አመዛዝኖ ነው የላከላት። ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ "እንዴት ሰነበቱ?" ይላል።

"ብርዱ ገደለኝ" ትለዋለች።

"በእውነቱ ብርዱ ጠንክሯል።"

"ኧረ ዛሬስ ይሞቃል።"

"ልክ ነዎት፣ ሙቀቱ ከበድ ይላል።"

ሄራን ሙዙን አንስታ ግንባሩ ላይ ብትወረውርለት ደስ ባላት። ሰው እንዴት አንዴ እንኳ "ምን አገባሽ!" አይልም? በእጇ ላይ ያለው አምባር ግን አረንጓዴ ያበራል፤ የልብ ምቷ ሰላም ነው፣ ግንኙነቱ ዕድሜ ይጨምራል። ባሮክ ሰዓቱ ሲደርስ ተነሥቶ እጅ ነሥቶ ይሄዳል። እሷም በሩን ዘግታ ባዶው ወንበር ላይ ትጮኻለች።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። አምባሩ የመጣ ጊዜ ማንም ክፉ ነገር አልታየውም። የሰው ልጅ በደህና ከሰው ጋር ሲኖር ዕድሜው ይረዝማል፣ ብቸኝነት ደግሞ ይገድላል ተባለ። እውነት ነው፤ አያቶቻችንም ያለ ምንም መሣሪያ ያውቁት ነበር። ቀጥሎ፣ ደጉ ዘመድ ዕድሜ ከጨመረ ክፉው ይቀንሳል ማለት ነው ተባለ። ይሄም እውነት መሰለ። ከዚያ መለካት ተጀመረ። ከማን ጋር ስትሆን ልብህ እንዴት ይመታል? ደምህ ምን ያህል ይፈላል? አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ቀይ የሆነ ዘመድ "ጥበቃ" ውስጥ ይገባል፤ አንተን ከእሱ፣ እሱንም ከአንተ ለመጠበቅ። ስልኩ አይገባልህም፣ ታክሲው በእሱ ሰፈር አያልፍም፣ ያለበት ቤት በር አይከፈትልህም። አምባር የሌለው ሰው ደግሞ ዳቦም ውሃም አያገኝም፤ የራሱ በርም አይከፈትለትም። ማውለቅ የሚቻለው ገላ ሲታጠቡና ልብስ ሲያጥቡ ብቻ ነው።

ዛሬ በሠርግ ላይ የሙሽራዋ አጎት ከመንገድ ማዶ ቆሞ ሲያጨበጭብ ብታይ አይገርምህም። ለቅሶ ቤት ሰው በቀለሙ ነው የሚቀመጠው። ያለቀሰም ካበዛው ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሐዘን ይጋባል ተብሏልና። አስታራቂማ ጭራሽ የለም። የሌላ ሰው ንዴት የአስታራቂን ልብ እንደሚጎዳ ተጠንቶ ሽምግልና በፈቃድ ሆነ፤ ፈቃድ የተሰጠው ሰው ግን እስከ ዛሬ አልታየም።

ሄራን እውነተኛ ወንድም ነበራት። ያብስራ ይባላል፤ ታላቋ ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲጨቃጨቁ ነው የኖሩት። እሱ "አንቺ ጥሩምባ" ይላታል፣ እሷ "አንተ ዝንጉ" ትለዋለች። ተጣልተው ሳይበሉ የተነሡበት ገበታ ብዙ ነው፤ ታርቀው አንዱ ሌላውን ያላጎረሰበት ግን የለም። እንኳን ሰው፣ አብሮ ያለ ዕቃም ይጋጫል።

የመጨረሻው ጠብ በጋቢ ነው። ካቻምና ክረምት ያብስራ የእናታቸውን ጋቢ፣ ሄራን ናፍታሊን ጨምራበት ያኖረችውን ጋቢ፣ ለአንድ ቀን ተውሶ ወስዶ መናኸሪያ በር ላይ ሲንቀጠቀጥ ላየው ሰው አልብሶት መጣ።

"የእማዬን ጋቢ!" አለች ሄራን።

"ሰውዬው በርዶታላ! ምን ላድርግ? እማዬ ብትኖር ራሷ ታለብሰው ነበር።"

"እማዬን በአፍህ አትጥራት! ያንተን ኮት አትሰጠውም ነበር? ውጣ ከቤቴ! ሁለተኛ ዓይንህን አልይ!"

አምባሩ በዚያ ለስላሳ ድምፁ ጠየቃት። "ግንኙነቱ ይቋረጥ?"

"ይቋረጥ! ከነስሙ ይጥፋ!" አለች።

እንግዲህ ወሎ የተወለደ ሰው "ሁለተኛ ዓይንህን አልይ" ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። በቶሎ ሽማግሌ ላክ ማለት ነው። ያኮረፈ ሰው ቤቱን ይጠርጋል፣ ወንበር ያሰናዳል፣ ይጠብቃል። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ መጀመሪያ እንቢ ይላል፣ ቀጥሎም እንቢ ይላል፣ በሦስተኛው "ለእናንተ ስል" ይላል። ጥፋቱ የከበደ እንደሆነ አጥፊው ራሱ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ደጅ ላይ ይቆማል፤ የተበደለው "አውርድ" እስኪለው ድረስ። "አውርድ" ከተባለ አለቀ፤ ከዚያ ወዲያ ቂም የለም።

ሄራንም ቤቷን ጠርጋ ጠበቀች። እንቢታዋን ሁሉ አሰናድታ ጠበቀች። ማንም አልመጣም። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ። እልኳን ውጣ ስልክ ብትደውል አምባሩ "እንደዚህ ያለ ሰው በዘመዶችዎ ውስጥ የለም" አላት። ሰፈሩ ልትሄድ ብትነሣ ታክሲው አዙሮ መለሳት። በእግሯ ብትሞክር አምባሩ እየጮኸ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አያት። በንዴት ያወጣችውን ቃል እንደ መሐላ ይዘውባት ቀሩ። ያብስራም አልመጣም። "ጨከነብኝ" አለች። ከዚያም ወዲህ ቂም ይዛ ስትጸልይ ኖረች።

ሐያት የምትባል ጎረቤት አላት፣ ልጅነታቸውን አብረው ያሳለፉ። በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ሐያት እስከ ክንዷ ሳሙና ተለቅልቃ በሩን በክርኗ አንኳኳች።

"ነይ ልብስ እናጥባለን" አለቻት።

"ትናንት አጥቤ!"

"ነይ አልኩሽ እኮ፣ አንቺ ሴትዮ!"

ሁለቱም አምባራቸውን አውልቀው መደርደሪያው ላይ ካስቀመጡ በኋላ ሐያት ውሃውን ከፈተችና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

"ያብስራ ተኝቷል። ልቡ ነው። ላይ ሐኪም ቤት ነው ያለው። ትናንት ሄጄ አየሁት፤ እኔ ለእሱ አረንጓዴ ነኝ። እግሬ ገና ሳይገባ 'ያቺ ጥሩምባ አልመጣችም?' አለኝ። ሐኪሞቹ ብዙ ቀን አይሰጡትም፣ ሄሩ።"

ሄራን እጇን ከውሃው ማውጣት ረሳች። "ይጠይቀኛል?"

"ሌላ ወሬ የለውማ!"

እንባዋ መጣ። ከእንባው በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር መጣባት፤ ንዴት። እንዲህ ያለ ንዴት ሹፌር ተራ ሰርቆባት እንኳ ተናዳ አታውቅም።

የዚያኑ ዕለት ጽሕፈት ቤቱ ሄደች። የተቀበለቻት ባለሙያ አስካለ ትባላለች። የዛሬ ልጆች የቅድመ አያቶቻቸውን ስም ነው የሚይዙት። ልጅቱ ፊቷ ብሩህ፣ ንግግሯ ማር ነው።

"እትዬ ሄራን፣ መቼም ይህን ሲሰሙ ደስ ይልዎታል። ከያኔው ውሳኔዎ ወዲህ የደም ግፊትዎ ወርዷል፣ እንቅልፍዎ ተሻሽሏል። ዕድሜዎ ላይ ተጨምሮልዎታል።"

"ማን ጨምሩልኝ አላችሁ?"

"እርስዎ ነዎት። 'ይቋረጥ' ብለዋል።"

"ተናድጄ ነዋ! ሰው ተናዶ የተናገረው እንዴት ይያዝበታል? እናትሽ ተናዳ 'ድፍት በይ' ብላሽ አታውቅም? ተደፋሽ?"

አስካለ ፈገግ አለች። "እናቴ ቢጫ ናት። በወር አንዴ ነው የምንገናኘው።"

ልጅቱ አሳዘነቻት፤ ደግሞም በጥፊ ልትላት አማራት።

"ልጄ፣ ወንድሜ ሊሞት ነው። ገብቼ ልየው። ይቅር በለኝ ልበለው። ሌላ ምንም አልጠይቅሽ።"

"ልቡ ደክሟል። እርስዎን ሲያይ ይናወጣል። ለእሱ ብለን ነው። ደግሞም ወንድም አጥተው አያውቁም፤ አቶ ባሮክ አሉልዎት።"

"ባሮክማ አይሰድበኝም!" ብላ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። አምባሯ ቀላ። አስካለም ቀይ ነገር እንዳይጋባባት ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች።

በማግሥቱ እሑድ ጠዋት ሄራን ነጠላዋን አጣፍታ ወረደች። ሰው ከገባ ገባ፣ ካልገባ በልማዱ ደጅ ይቆማል። ጥፋቱም የእሷ ነው፤ "ይቋረጥ" ያለችው እሷ ነች። የምትሸከመው ድንጋይ ግን ያስፈልጋል፣ በከተማው ውስጥ ደግሞ ያለው ይሄው ጣቷን የሚያጋጫት ነው። ጎንበስ ብላ ያዘችው።

"እትዬ፣ እሱን ተይው!" አለ ይመር ከመቀመጫው ዘሎ ተነሥቶ።

"ስንት ጊዜ አንሣው ስልህ ተኝተህ ዛሬ ምን ሆንክ?"

ይመር ግራ ቀኝ አየ። ከዚያ የውሃ ቧንቧውን ከፈተ፤ ልብስ እንደሚያጥብ ሆኖ አምባሩን አውልቆ ኪሱ ከተተና የእሷ አምባር ከውሃው ጩኸት በላይ እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እሱ የሰው ድንጋይ ነው። በዕንቁጣጣሽ ማግሥት አንድ ሽማግሌ ተሸክሞት መጣ። ከጦሳ ሥር ነው ያመጣሁት አለኝ። እንኳን ሊገባ ደረጃው ጋ ሲደርስ በሩ መጮኽ ጀመረ። እዚያው አንገቱን ደፍቶ ቆመ። 'ያቺ ጥሩምባ አውርድ ካላለችኝ አልሄድም' አለ። እስኪመሽ ቆመ። በኋላ ጉልበቱ ከዳው፣ አስቀምጦት ሄደ። 'እንዳታነሣው፤ ስታየው ይገባታል' አለኝ።"

ሄራን ድንጋዩን እንደያዘች ደረጃው ላይ ተቀመጠች። መስከረም! እሷ ከላይ፣ ቤቷ ውስጥ ተቀምጣ "ጨከነብኝ" ስትል፣ እሱ ከታች ድንጋይ ተሸክሞ ቆሞ ነበር። ቀጥሎም በየቀኑ ላዩ ላይ ተቀመጠችበት፤ ረገመችው።

"ለምን አልነገርከኝም? አንተ ሰው አይደለህም? እናት የለህም?"

"አምባሩ ይሰማል፣ እትዬ። ሥራዬን..." ይመር ዓይኑን በክንዱ ጠረገ።

በዚህ መሐል ባሮክ ሙዙን አንጠልጥሎ ደረሰ። "እንዴት ሰነበቱ?"

"ባሮክ፣ ሽማግሌ ሁነኝ።"

የሰውዬው ፊት ተለወጠ። "ሽምግልና እኮ ያለ ፈቃድ..."

"እሺ ትላለህ አትልም?"

ባሮክ እንቢ ማለትን ረስቶታል። "እሺ" አለ።

ሐያትም ነጠላዋን እየደረበች ወረደች። ታክሲ እንደማይወስዳቸው ስለሚያውቁ በእግራቸው ዳገቱን ያዙት። ሄራን ድንጋዩን ማጅራቷ ላይ አድርጋ፣ ሐያት በቀኝ፣ ባሮክ ሙዙን እንደያዘ በግራ። አምባሯ ገና ከሰፈር ሳትወጣ መጮኽ ጀመረ። ሰዉ እየሸሸ መንገድ ለቀቀ። አንድ አዛውንት ብቻ ድንጋዩን አይተው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

የሐኪም ቤቱ በር መስታወት ነው። ፊት ለፊቱ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ሰዎች ቆመው መስኮቶቹን ያያሉ። ሚስቱን የሚያይ፣ አባቷን የምታይ፣ ሁሉም አምባራቸው ቀይ ነው። በየቀኑ መጥተው ይቆማሉ፣ ማንም ምንም አይላቸውም።

በሩ ለሄራን አልተከፈተም። ጥበቃው ወጣ፤ ትሑት ነው፣ ሁሉም ትሑት ናቸው። "እናቴ፣ ለራስዎ ጤና ሲሉ ይመለሱ" አለ። እሷም አንገቷን ደፍታ ቆመች። ሐያት ገባች። የያብስራ አልጋ ምድር ቤቱ ካለው መስኮት ሥር ነው። መስኮቱም ከላይ በኩል ገርበብ ብሎ ስለነበር ድምፅ ያስወጣል።

መጋረጃው ተነቃነቀና ፊቱ ታየ። ከስቷል። ዓይኑ ግን ያው ነው። መጀመሪያ እሷን አየ፣ ቀጥሎ ድንጋዩን።

"ሌባ!" አለ ያብስራ። "ድንጋዬን ነው እኮ የሰረቅሽው!"

"አንተ ዝንጉ! ደጄ ላይ ጥለኸው ጣቴን ፈጀኸኝ!"

"ተይ ወዲያ! ከመስከረም ጀምሮ አላየሽውም?"

"አንተስ ድንጋይ ትተህ የምትሄድ ምን ዓይነት መልእክተኛ ነህ? አፍ የለህም?"

ያብስራ ሳቀ። ሲስቅ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ውስጥ ያሉት መሣሪያዎች ሁሉ ጮኹ፤ የእሷም አምባር ጮኸ፤ የሁለቱ ጭቅጭቅ ከዚያ ሁሉ በላይ ተሰማ። ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሰዎች ወደ መንገዱ ጠርዝ ቀረቡ። ሄራን ከካቻምና ክረምት ወዲህ እንደዚያች ደቂቃ ተደስታ አታውቅም።

"ማጅራትሽ ይሰበራል፤ አውርጂው በቃ!" አለ ያብስራ። "አውርጂ ብያለሁ! ይቅር ብያለሁ!"

"በመስኮት አልሰማም! በሩ ተከፍቶ ፊት ለፊቴ ቆመህ በለኝ!"

"ኧረ ጥሩምባ..."

አንዲት ነርስ መጥታ መጋረጃውን ዘጋች። "ይረጋጉ አባቴ" ስትል ተሰማ። መስኮቱም ተዘጋ።

ሄራን አልተንቀሳቀሰችም። ፀሐይ አናቷ ላይ መጥታ አለፈች። ባሮክ "ላግዝዎት" ቢላት "የኔ ጥፋት ነው፣ የኔ ድንጋይ ነው" አለችው። ከውስጥ ሐያት ወጥታ የሆነውን ነገረቻት። ማረጋጊያ ወግተውት ነው ያስተኙት። ዘመድ ያልሆነ፣ አረንጓዴ የሆነ አጽናኝ አምጥተው አልጋው አጠገብ አስቀምጠዋል። እንቅልፍ እስኪወስደው ድረስ "አንገቷን፣ አውርዱላት" እያለ ነበር።

"እህቱ ውጭ ቆማ ለሌላ ሰው እጁን ያስይዙታል?" አለች ሄራን። ላቧና እንባዋ ተቀላቅሎ ይወርዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ባሮክ ዓይኑን ከመሬት አነሣ። እሱም ለሌላ ሰው እህት ወንድም ሆኖ ሲዞር፣ የራሱ እህት በየትኛው መስኮት ውስጥ እንዳለች አያውቅም። ሙዙን መሬት ላይ ጣለው።

ከሰዓት በኋላ ነው። አምባሯ በድንገት ዝም አለ። ከዚያ ቀዩ ጠፋና አረንጓዴ በራ። ያው ለስላሳ ድምፅ መጣ።

"እንኳን ደስ አለዎት። በጥበቃ ሥር የነበረው ግንኙነት ተዘግቷል። ከእንግዲህ ስጋት የለም።"

የመስታወቱ በርም በቀስታ ለሁለት ተከፈተላት።

ሐያት ጮኸች። ሄራን ግን አልጮኸችም። የተከፈተውን በር አየችው። ለሕይወቱ ያልተከፈተ በር ለሬሳው ተከፈተ! ወደፊት ተራመደች፣ ደፉ ላይ ስትደርስ ጎንበስ ብላ ድንጋዩን ከማጅራቷ አወረደችና በሁለቱ መስታወት መሐል አስቀመጠችው። በሩ ሊዘጋ መጣ፣ ድንጋዩን ነካ፣ ተመለሰ። እንደገና መጣ፣ ተመለሰ።

"አውርጂ ብለኸኝ የለ፣ አወረድኩልህ" አለች ወደ ውስጥ እየገባች፣ እንደ ድሮዋ ጮክ ብላ። "አንተ ዝንጉ፣ መጠበቅ እንኳ አትችልም?" ድምፅዋ በኮሪደሩ ሁሉ ተሰማ።

ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሰዎች የማይዘጋውን በር አዩ። አንዲት ሴት አምባሯ እየጮኸ ተሻገረች። ተከትሏት አንድ ሽማግሌ ተሻገረ። ጥበቃው ይህን ሲያይ ሮጦ መጣና ድንጋዩን ሊያነሣ ጎንበስ አለ።

"ይቅርታ፣ ይሄ ነገር መነሣት አለበት" አለ በትሕትና።

ባሮክ በድንጋዩና በሰውዬው መሐል ገብቶ ቆመ። የተወለወለ ጫማውን ድንጋዩ ላይ ጫነ። አምባሩ፣ እስከ ዛሬ አረንጓዴ የነበረው አምባር፣ ቀይ በራ።

"አይነሣም!" አለ። "እንዳትነካው!"